ኮራልን የሚጠብቁ ሸርጣኖች፦ የሪፍ መልሶ ተከላ ያልቆጠራቸው ነዋሪዎች

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እና ዓለም አቀፉ የኮራል ሪፍ ኢኒሼቲቭ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን በይፋ ካስታወቁ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የተጎዱ ሪፎችን በሰው እጅ መልሶ የመትከል ሥራ የተመራማሪዎችንም የመንግሥታትንም ትኩረት ይበልጥ እየሳበ መጥቷል። ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2025 የጸደይ ወራት ድረስ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ ከዓለም የሪፍ ስፋት 84 በመቶ የሚሆነው ኮራልን ሊያነጣ በሚችል የሙቀት ጫና ውስጥ አልፏል። የተከላ ፕሮጀክቶች ይህን ጉዳት ለመጠገን ሲነሡ ዕቅዳቸውን በአብዛኛው የሚገልጹት በሁለት መለኪያዎች፣ ማለትም በሚተከሉት የኮራል ቁርጥራጮች ብዛትና በሚሸፈነው የባሕር ወለል ስፋት ነው። ይህ አቆጣጠር ኮራልን ብቻውን የሚኖር ፍጡር አድርጎ ያያል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ግን፣ ቢያንስ ቅርንጫፍ በሚያወጡት ኮራሎች ዘንድ፣ የጀርባቸው ስፋት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ሸርጣኖች በቅርንጫፎቹ መካከል መኖር አለመኖራቸው ኮራሉ ለመቆየቱም ሆነ ለመጥፋቱ ትልቅ ምክንያት እንደሚሆን ያሳያሉ።

ኮራል ሲታይ ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። አንድ የኮራል ጉብታ ወይም ቁጥቋጦ ፖሊፕ በሚባሉ እጅግ ብዙ ትንንሽ አካላት የተገነባ ማኅበር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንዶች አሉት፤ ከሥሩም የኖራ ድንጋይ ዐፅም እያበጀ ያድጋል። ሪፍ የሚባለውም እነዚህ ዐፅሞች በሺህ ዓመታት እየተደራረቡ የገነቡት የባሕር ሥር አለት ነው። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ዙዛንቴላ የተባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ከፀሐይ ብርሃን የሚያመርቱትን ስኳርና ስብ ለኮራሉ ስለሚያካፍሉ፣ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። የባሕሩ ውሃ ከለመደው በላይ ሞቆ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ እነዚህን አልጌዎች ያጣል፣ ቀለሙም ይጠፋል፣ ነጩ ዐፅም በሥጋው ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ መንጣት የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ግን በረኃብ ይሞታል። ስለ ሪፍ ሲነገር ከኮራል ጋር የሚጠቀሰው ሸሪክ ብዙ ጊዜ ይህ አልጌ ብቻ ሲሆን፣ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚኖረው ሸርጣን ግን እምብዛም አይነሣም።

ከኮራል ጋር ተቆራኝተው ከሚኖሩት ሸርጣኖች መካከል በሰፊው የተጠኑት ትራፔዚያ እና ቴትራሊያ የተባሉት ወገኖች ናቸው። ትራፔዚያ የሚኖረው ፖሲሎፖራ እና ስታይሎፎራ በሚባሉት፣ ቅርንጫፎቻቸው አጭርና ጥቅጥቅ ባሉ ኮራሎች ላይ ሲሆን፣ ቴትራሊያ ደግሞ አክሮፖራ ከተባለው ኮራል ውጭ ሌላ ቤት የለውም። ሁለቱም ከኮራል ተለይተው መኖር አይችሉም። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ለተወሰነ ጊዜ ከፕላንክተን ማለትም በውሃ ላይ ከሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ሲንከራተት ቆይቶ ተስማሚ ኮራል ሲያገኝ ይሰፍራል፤ ካደገም በኋላ በአንድ ኮራል ላይ ከየዝርያው ብዙውን ጊዜ የሚገኙት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሆነው በመጠን የሚመጣጠኑ ጥንዶች ናቸው። ጥንዶቹ የራሳቸውን ዝርያ ሌላ ጎልማሳ ከኮራሉ ያባርራሉ። አልፊየስ ሎቲኒ የተባለውን፣ ጣቱን እያጮኸ የሚተኩስ ሽሪምፕ ግን አብሯቸው እንዲኖር ይፈቅዱለታል፤ ሸርጣኑና ሽሪምፑ ሲገናኙ በአካል እንቅስቃሴ ምልክት ይለዋወጣሉ፣ በዚህም ያለ ጠብ በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ይተላለፋሉ።

እነዚህ ሸርጣኖች የሚመገቡት ከቤታቸው ነው። ኮራል ሰውነቱን የሚሸፍንበት ዝልግልግ ልጋግ በስብ የበለጸገ ሲሆን፣ የውሃው እንቅስቃሴ የሚያመጣቸው ቅንጣቶችም ይጣበቁበታል፤ ሸርጣኑ በእግሮቹ ጫፍ ባሉት ማበጠሪያ መሰል ጸጉሮች ልጋጉን እየጠረገ ወደ አፉ ያስገባዋል። ይህን የተመለከቱ የቀድሞ ተመራማሪዎች ሸርጣኑን በጥገኛነት መፈረጃቸው የሚያስገርም አይደለም። የንስ ክኑድሰን በ1967 ባሳተመው ጥናት ሁለቱንም ወገኖች በኮራል ላይ የሚኖሩና ከኮራል ውጭ መኖር የማይችሉ ውጫዊ ጥገኞች ብሎ ሰይሟቸዋል። የክኑድሰን ምልከታ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሸርጣኑ የኮራሉን ሀብት መብላቱ እውነት ነውና። ያልታየው የሒሳቡ ሌላ ወገን ነበር፤ የማሳ ጠባቂ ከእሸቱ ስለ ቀመሰ ብቻ ሌባ እንደማይባል ሁሉ፣ የሸርጣኑም ማንነት የሚታወቀው የሚወስደው ከሚሰጠው ጋር ሲመዘን ነው። ጆን ስቲምሰን በ1990 ያወጣው ውጤት በዚህ ረገድ ልዩ ክብደት አለው፤ ሸርጣን የሚኖርበት የፖሲሎፖራ ኮራል በቀጫጭን ክንዶቹ ጫፍ ላይ የስብ እንክብሎችን ያዘጋጃል፣ እንክብሎቹም እንዲመረቱ የሚያነቃቃው የሸርጣኑ መኖር ነው። እንግዲህ ኮራሉ ሲዘረፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሳይሆን፣ ነዋሪው ሲኖር ምግብ የሚያሰናዳ አስተናጋጅ መሆኑ ታውቋል።

ሸርጣኑ የሚከፍለው ዋጋ በይበልጥ የተገለጠው አክሊለ ሦክ ከተባለው የባሕር ኮከብ ጋር ባለው ጠብ ነው። ይህ የባሕር ኮከብ ሰውነቱ በመርዛማ እሾህ የተሸፈነ፣ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ እንስሳ ሲሆን፣ በኮራሉ ላይ ወጥቶ ሆዱን በአፉ በኩል ወደ ውጭ ይገለብጥና የፖሊፖቹን ሥጋ እዚያው አሟምቶ ይመጥጣል፤ አንዱ ብቻ በዓመት እስከ 10 ካሬ ሜትር የሚደርስ የኮራል ስፋት ሊያጠፋ ይችላል። ቁጥሩ በድንገት ሲበዛ የሚያደርሰው ጥፋት ከማዕበል ጉዳት ጋር የሚቀራረብ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከ1985 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከኮራል ሽፋኑ ግማሹን ያጣ ሲሆን፣ ከጠፋውም 42 በመቶው የደረሰው በዚህ የባሕር ኮከብ ነው። ፒተር ግሊን በ1970ዎቹ በፓናማ የፓስፊክ ዳርቻ ባደረገው ጥናት፣ የባሕር ኮከቡ በብዛት የሚገኘውን ፖሲሎፖራ እየተወ ሌሎች ኮራሎችን የሚመርጥበትን ምክንያት ሲመረምር መልሱን በቅርንጫፎቹ መካከል አገኘ። ትራፔዚያ የባሕር ኮከቡን መምጣት በውሃው ውስጥ ከሚደርሰው ኬሚካላዊ ምልክት ያውቃል፤ ቀርቦ ሲነካው ደግሞ ወደ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ወጥቶ ቱቦ መሰል እግሮቹን በመቆንጠጫው ይነክሳል፣ እሾሁን ይቆርጣል፣ ክንዱን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንጠዋል። ሽሪምፑም በበኩሉ ይተኩሳል። የባሕር ኮከቡ ከሸርጣኑ በመጠን ብዙ እጥፍ ቢበልጥም በአብዛኛው ኮራሉን ትቶ ይሄዳል።

ይህ ጥበቃ ከአንድ ኮራል አልፎ የሪፉን አሠራር እንደሚቀርጽ ያሳየው በ1982 እና 1983 የደረሰው ታላቅ የኤልኒኞ ክስተት ነው። ከክስተቱ በፊት በፓናማ ቺሪኪ ባሕረ ሰላጤ ባሉ ሪፎች ላይ፣ ጠባቂ የሌላቸው ትልልቅና ድቡልቡል ኮራሎች በፖሲሎፖራ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ተከበው ይኖሩ ነበር። የባሕር ኮከቡ ወደ መካከል ለመግባት አጥሩን መሻገር ነበረበት፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ በየቁጥቋጦው ሸርጣንና ሽሪምፕ ስላለ መሻገር አይቻለውም ነበር። በዚህ ሁኔታ ለረጅም ዘመናት ያደጉ ኮራሎች የራሳቸው መከላከያ ሳይኖራቸው በጎረቤታቸው ነዋሪዎች ተጠብቀው ቆዩ። የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር በባሕረ ሰላጤው ከነበሩት ኮራሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ፣ የፖሲሎፖራው አጥርም ሞተ፣ ሸርጣኖቹም ቤታቸውን አጡ፤ የባሕር ኮከቡም በሞተው አጥር ላይ ተራምዶ ከሙቀቱ የተረፉትን ትልልቅ ኮራሎች መብላት ጀመረ። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ እነዚያ ኮራሎች ሙቀቱን ተቋቁመው ያለፉ መሆናቸው ነው። የሞቱት በሙቀቱ ሳይሆን፣ ሙቀቱ ያፈረሰው የጥበቃ ሥርዓት ስለ ጎደላቸው ነው። ኮራልን ብቻ የሚቆጥር የጉዳት ግምገማ ሙቀቱ በበረደ ማግስት ተርፈዋል ብሎ ይመዘግባቸው ነበር፤ የአጥሩንና የጠባቂዎቹን መጥፋት የሚመዘግብ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥፋት አስቀድሞ ማየት ይችል ነበር።

የሸርጣኑ አገልግሎት በጠላት መከላከል ብቻ አያበቃም። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በምትገኘው የሞሪያ ደሴት ሐና ስቱዋርትና ባልደረቦቿ በትንንሽ የአክሮፖራና የፖሲሎፖራ ኮራሎች ላይ ያደረጉት፣ በ2006 የታተመው ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከኮራሎቹ ከፊሎቹን ሸርጣኖቻቸውን አንሥተው፣ ከፊሎቹን ደግሞ ከነሸርጣኖቻቸው በሪፉ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ሸርጣን የነበራቸው ሁሉ ተረፉ፤ ሸርጣን ከተነሣባቸው ግን ከ45 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ወር ውስጥ ሞቱ፣ የተረፉትም ዕድገታቸው ዘገመ፣ የመንጣት ምልክትም በዛባቸው። ምክንያቱ ደለል ነው፤ ከዳርቻ በጎርፍ የሚገባውና ማዕበል የሚያነሣው አሸዋና ጭቃ በኮራሉ ላይ ሲከማች ፖሊፖቹን ያፍናል፣ ብርሃንም ይከለክላል፣ ሸርጣኑ ግን ምግቡን ሲጠርግ ደለሉንም አብሮ ይጠርጋል። በተመሳሳይ መልኩ በባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖርና ዝልግልግ መረብ የሚዘረጋ የቀንድ አውጣ ዓይነት በኮራል ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትራፔዚያ ባለበት እንደሚቀንስ በ2010 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሲበርድ መኪየን ውጤት ነው፤ መኪየን በሞሪያ ስድስት የትራፔዚያ ዝርያዎችን በማነጻጸር፣ ትልልቆቹ የባሕር ኮከቡን ሲመክቱ፣ ጠባቂነታቸው ከንቱ ነው ይባልላቸው የነበሩት ትንንሾቹ ደግሞ በትንንሽ ኮራል በላተኞች ላይ ዋና ሥራ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ስለዚህ የተለያየ መጠን ያላቸው ጠባቂዎች የሚኖሩበት ኮራል የተለያየ ጠላት ይቋቋማል፤ በዚያው መጠን ካሉት ዝርያዎች አንዱ ቢጠፋ ደግሞ ሌላው ሊተካው ይችላል።

የዚህ ጥበቃ ወሰንም በሐቀኝነት መነገር አለበት። የቴትራሊያ ቤት የሆነው አክሮፖራ የባሕር ኮከቡ አብዝቶ የሚወደው ምግብ ሲሆን፣ ቴትራሊያም ከትራፔዚያ ትልልቅ ዝርያዎች ይልቅ አነስተኛ በመሆኑ ጠላቱን እምብዛም አይመልስም። የባሕር ኮከቡ ቁጥር እጅግ ሲበዛና ሌላ ምግብ ሲያልቅበት ደግሞ በተጠበቀውም ኮራል ላይ ይወጣል፤ መኪየን ጥናቱን ባካሄደበት ወቅት በሞሪያ ውጫዊ ሪፍ ላይ የነበረው ሕያው ኮራል ከ4 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ሪፉ ከዚያ በኋላ ሲያገግም በብዛት የተመለሰው ፖሲሎፖራ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ቢሆንም፣ ፖሲሎፖራ በተፈጥሮው ቶሎ የሚሰፍርና የሚያድግ ስለሆነ ውጤቱን ለሸርጣኖቹ ብቻ መስጠት አይገባም። ጠባቂዎቹ በአጠገባቸው ለበቀሉ ሌሎች ትንንሽ ኮራሎች መጠለያ እንደሚሆኑ ግን በዚያው ጥናት ታይቷል፤ ይህም የፓናማው አጥር በትንሹ መደገሙ ነው።

ከኮራል ጋር የሚኖር ሸርጣን ሁሉ ጠባቂ አይደለም። ሃፓሎካርሲነስ ማርሱፒያሊስ የተባለው፣ ዊልያም ስቲምፕሰን በ1859 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሸርጣን፣ ሴቷ በቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ስትሰፍር ኮራሉ በዙሪያዋ አድጎ እንዲዘጋባት ታደርጋለች፤ ከዚያም ውሃ በሚያስገቡ ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ ከውጭ ጋር እየተገናኘች ዕድሜዋን በዚያ ክፍል ውስጥ ትፈጽማለች፣ ከእርሷ በጣም የሚያንሰው ወንድ ደግሞ ወደ እርሷ ይመጣል። ኮራሉ ከዚህ ኑሮ የሚያገኘው ጥቅም እስካሁን በግልጽ ስላልታየ፣ ይህ ወገን ወደ ጥገኛነት ያዘነብላል ማለት ይቻላል። ጠባቂዎቹንና ይህን ወገን ጎን ለጎን ማየት የሚጠቅመው፣ በአንድ ኮራል ላይ የሚገኙ ነዋሪዎችን ሁሉ በጅምላ ወዳጅ ወይም በጅምላ ጠላት ማለት እንደማይቻል ስለሚያስረዳ ነው።

የአሁኑን የዓለም ሁኔታ ከባድ የሚያደርገው፣ ሙቀቱ በኮራሉና በጠባቂው ሸርጣን መካከል ያለውን ልውውጥ ከሥሩ የሚቆርጥ መሆኑ ነው። የሸርጣኑ ደመወዝ ስብ ነው፤ ስቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከአልጌው ነው፤ አልጌው ሲጠፋ ኮራሉ ለራሱም አይበቃም። ከ1983 በኋላ በፓናማ፣ ከዚያም በኋላ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ትራፔዚያ ሲሞዶሴ በተባለው ዝርያ ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ በነጡ ኮራሎች ላይ የሸርጣኖቹ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሴቶቹም የሚይዙት እንቁላል ያንሳል። ይህ ማለት ኮራሉ በበሽታና በበላተኛ ፊት በጣም በሚደክምበት ሰዓት ጠባቂው አብሮ ይደክማል፣ ወይም ጥሎት ይሄዳል ማለት ነው። ከሙቀት የተረፉት ጥቂት ኮራሎች ደግሞ የቀሩት የባሕር ኮከቦች ሁሉ የሚሰበሰቡባቸው ናቸው። የእንቁላሉ ማነስም ከዚያ የባሰ ውጤት አለው፤ የዛሬ እጭ የነገ ጠባቂ በመሆኑ፣ ኮራሉ አገግሞ ቀለሙ ቢመለስ እንኳ የሚሰፍርበት ትውልድ በባሕሩ ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው የዚህ ጉዳይ መድረክ ቀይ ባሕር ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያም ሆነ በሰሜን እስከ ዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ስታይሎፎራና ፖሲሎፖራ አሉ፣ በእነርሱም ላይ ትራፔዚያ ይኖራል። ትራፔዚያ ጉታታ የተባለውን ዝርያ በ1830 ገልጾ ስም ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ይኸው ጀርመናዊ ሊቅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከምጽዋ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ተጉዞ፣ በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ረባዳ ገብቶ በነበረበት ጊዜም በአፋር ምድር ኮራሎች አድገው ነበር፤ ቅሪታቸው በረባዳው ዳርቻ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች የዘር ሐረጋቸው በደቡብ በኩል በሞቃቱ በባብ ኤል መንደብ አልፎ የመጣ በመሆኑ ከሚኖሩበት ውሃ በላይ የሆነ ሙቀት መቋቋም እንደሚችሉ፣ አካባቢውም ለኮራል የመጨረሻ መጠለያ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ይህ ተስፋ ግን የተነገረው ስለ ኮራሉና ስለ አልጌው ነው። መጠለያው እውነተኛ መጠለያ መሆኑ የሚረጋገጠው ሸርጣኑም ያንኑ ሙቀት ችሎ መራባቱን ሲቀጥል ነው፤ በተለይም በ2022 አካንታስተር ቤንዚአይ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀለት የቀይ ባሕር አክሊለ ሦክ በዚያው ባሕር ውስጥ ስለሚኖር።

በዚሁ ባሕር በሳዑዲ ዓረቢያ ሹሻ ደሴት አጠገብ፣ የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ100 ሄክታር ላይ 2 ሚሊዮን የኮራል ቁርጥራጮችን ለመትከል የያዘው ዕቅድ በዓለም ከሚታወቁት የተከላ ሥራዎች በስፋቱ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሥራው ትልቅ ነው፣ ሊደነቅም ይገባዋል። ነገር ግን በዚህ መጠን ሲታሰብ የሸርጣኑ ጉዳይ በጎን የሚታይ ዝርዝር መሆኑ ይቀራል። ከእናት ኮራል ተቆርጦ በባሕር ውስጥ መደርደሪያ ላይ ወይም በየብስ ገንዳ ውስጥ የሚያድግ ቁራጭ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ብቻ ስላለው ጎልማሳ ጥንድ ሊያኖር አይችልም፤ ወደ ሪፉ ሲወሰድም ከሞሪያ ሙከራ እንደታየው በአንድ ወር ውስጥ ሊሞት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ በሆነበት ዕድሜ ላይ ነው። ጠባቂው እንዲመጣለት በአቅራቢያው እጭ የሚሰጡ ጤናማ ኮራሎች መኖር አለባቸው፤ እነርሱ ከሌሉ ደግሞ ትንንሽ ሸርጣኖችን ከኮራሉ ጋር አብሮ ማሳደግ ወይም ከተከላ በፊት ማስፈር ያስፈልጋል። በደለል በሚጠቁ ዳርቻዎች ይህ ወጪ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን፣ የተተከለው እንዳይባክን የሚከፈል ዋጋ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ለውጥ አስቸጋሪ መሣሪያ አይጠይቅም። የተከላን ውጤት የሚከታተል ጠላቂ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ኮራል በሕይወት እንዳለ ሲመዘግብ፣ ከእነርሱ ስንቶቹ የሸርጣን ጥንድ እንዳላቸው፣ ጥንዶቹም በመጠን የተለያዩ ዝርያዎች መሆን አለመሆናቸውን አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። የትራፔዚያ ሴት እንቁላሏን በሆዷ ሥር ተሸክማ ስለምትኖር፣ የእንቁላሉ መጠን የኮራሉ የስብ ክምችት መጉደሉን ሊጠቁም የሚችል ምልክት ነው፤ በሞቃቱ ወራት ሴቶቹ እንቁላል መያዝ ካቆሙ፣ ኮራሉ ገና ቀለሙን ሳያጣ በውስጡ የሚያካፍለው እንዳለቀበት መጠርጠር ይገባል፣ የባሕር ኮከብ ለቀማውም ሆነ የዳርቻ ቁፋሮንና ደለልን መቆጣጠሩ በዚያው ሳምንት እንጂ ኮራሉ ከነጣ በኋላ ሊጀመር አይገባም።